በደብረ ብርሃን በማህበር ቤት ለምትሠሩ

ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ልሥራ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ነው። በቤት ኅብረት ሥራ ማህበር ኮሚቴ ውስጥ ሆኜ ከምዝገባ እስከ ጣሪያ ያለውን መንገድ ስላየሁት፣ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ እላለሁ። ቦታው ላይ የነበረው ገበሬ ካሳውን ተቀብሏል ወይ? የጭነት መኪና የሚገባበት መንገድ አለ ወይ? ውሃና መብራትስ በማን በጀት፣ በየትኛው ዓመት ነው የሚደርሰው? ይህን ሳያጣሩ በዋጋ ጭማሪ ስጋት ተጣድፈው ሲሚንቶ የገዙ ማህበራት አሉ። ቦታው እስኪለቀቅ ክረምቱ ገባ፣ ሲሚንቶውም መጋዘን ውስጥ ድንጋይ ሆነ።

በ1999ኙ ቆጠራ የከተማው ሕዝብ 65,231 ነበር። በዚያው ሰሞን ዩኒቨርሲቲው ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ የቢራ ፋብሪካዎቹ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ሌሎችም ፋብሪካዎች ተከታተሉ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች ተጠግተዋል። ቤቱ ግን እንደ ሰዉ አልበዛም። ለዚህ ሲሚንቶውን ብቻ የሚወቅስ ብዙ ነው፤ እውነትም በ2014 እና በ2015 ሲሚንቶ እንደ መድኃኒት የሚፈለግበት ጊዜ ነበር። አሁን ግን በመስከረም 2017 የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ዞናችን ውስጥ እንሳሮ ላይ ነው። ጥቁር ድንጋዩ ከከተማው ዙሪያ ይወጣል፤ ከመንዝና ከተጉለት የሚመጣው ድንጋይ ጠራቢ እጁ የተመሰከረለት ነው። ሥራውን አንቆ የያዘው የተሰናዳ መሬት ማነስ ነው፤ ካሳ የተከፈለበት፣ የተሸነሸነ፣ መንገድ የተቆረጠለት ቦታ ማለቴ ነው። ስለዚህ የማህበሩ ግማሽ ሥራ ግንባታ፣ ግማሹ ማመልከቻ መሆኑን ገና ሲቋቋም እወቁት።

ስለ ማቋቋሙ ብዙ አልልም። አዋጅ ቁጥር 985/2009 ስለ ኅብረት ሥራ ማህበራት የሚለውንና የክልሉን የቤት ማህበራት መመሪያ ከኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። መመሪያው በየጊዜው ስለሚሻሻል ጎረቤት ማህበር ከዓመታት በፊት የተጠቀመበትን ቅጂ አትመኑ። በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ግን ሦስት ጉዳዮች ቁልጭ ብለው ይፃፉ፦ መዋጮ የዘገየበት አባል ስንት ይቀጣል፣ መቼስ ይሰናበታል፤ የሚወጣ አባል ገንዘቡ የሚመለሰው ተተኪ ሲገኝ ነው ወይስ ወዲያው፤ አባል ቢሞት ወራሹ በምን ሰነድ ይተካል። ማህበር የሚሄደው በዘገምተኛው ከፋይ ፍጥነት ነው። ደሞዙ ተመሳሳይ የሆነ፣ የመክፈል አቅሙ የተቀራረበ ሰው ሰብስቡ፤ ዘመድ ነው፣ የሰፈር ልጅ ነው ተብሎ የገባና መዋጮ ያቆመ አንድ ሰው የሌላውን ሁሉ ሶሌታ (የአርማታ ጣሪያ ወይም ወለል) ያዘገያል። በዝግ የባንክ ሂሳብ የሚቀመጠው ገንዘብ የማይነካ መሆኑን፣ ለመሐንዲስ፣ ለአፈር ምርመራና ለጽሕፈት ወጪ ሌላ መዋጮ እንደሚያስፈልግም ገና በመጀመሪያው ጉባኤ ንገሯቸው። ቃለ ጉባኤ ሳይፈረምበት ከአዳራሽ አትውጡ።

ቦታ ተመደበላችሁ የሚለው ወሬ ሲመጣ ደስታው ይቆይላችሁ። በከተማው ዳር የሚሰጠው መሬት አብዛኛው ከባሶና ወራና ገበሬዎች የሚወሰድ ነው፤ እነሱ ደግሞ ገብስና ስንዴ ሲያጭዱበት፣ ባህር ዛፍ ሲያስቆርጡበት የኖሩት ማሳ ነው። በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው ለሚፈናቀል ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈል ያዝዝ ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ከፍ አድርጎ፣ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ፤ ዛፉና በመሬቱ ላይ ያለው ሌላ ንብረት ለብቻው ይገመታል። ለገበሬው የሚገባው ነው። ለከተማ አስተዳደሩ ግን ቦታ ከማከፋፈሉ በፊት የሚያወጣው ገንዘብ አበጠ ማለት ነው፤ ካሳው ሳይሟላ ሽንሸናው ወረቀት ላይ ብቻ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ርክክብ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ሦስት አባላት ቦታው ድረስ ሄዳችሁ ገበሬውን እራሱን አነጋግሩ። «አባባ፣ ካሳዎን ተቀብለዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ቡናም ጠጥታችሁ ትመጣላችሁ። ማሳው ላይ ያልታጨደ እህል ካለ፣ ቅሬታ ለአቤቱታ ሰሚ ቀርቦ ከሆነ፣ ወይም ወሰን ድንጋዩ ከሳይት ፕላኑ ኮኦርዲኔት ጋር የማይገጥም ከሆነ የርክክብ ቅጹ ላይ ያንኑ በጽሑፍ አስፍሩ። ብዙዎች «ኋላ ይስተካከላል» ተብለው ይፈርማሉ። በሊዝ ውላችሁ ላይ ግንባታ የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት ጊዜ ተወስኗል፤ ቆጠራው ከፊርማው ተነሥቶ ገበሬው ገና ማሳው ላይ ካለ የሚበላው የእናንተ ጊዜ ነው። ጊዜው ከሦስተኛ ወገን ነጻ ሆኖ ቦታውን ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ እንዲቆጠር በደብዳቤ ጠይቁ፣ የገቢ ማህተም አስመትታችሁ ቅጂውን ያዙ። ኋላ ማራዘሚያ ስትጠይቁ የሚያድናችሁ ያ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ደጅ ጥናቱ እንምጣ፤ ብዙ ማህበር ጉልበቱን የሚጨርሰው እዚህ ነው። ሊቀመንበሩ በየሳምንቱ ቢሮ ይሄዳል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ይባላል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኃላፊው ተቀይሯል። በቃል የተገባው ሁሉ ከኃላፊው ጋር ይሄዳል። የሚሻለው በአንድ ሳይት ያሉ ማህበራት ተሰብስበው አንድ የጋራ ኮሚቴ ማቋቋም፣ ከሆነም በሕጉ መሠረት ዩኒየን መመሥረት ነው። ብቻውን የመጣ ማህበር ባለ ጉዳይ ተብሎ ወረፋ ይይዛል፤ ሳይቱን ሙሉ ወክሎ የመጣ ግን የከተማውን እቅድ የሚነካ ጥያቄ ስለያዘ አጀንዳ ይሆናል። ሥራ ተቋራጮችን፣ የብሎኬት አምራቾችን፣ የግንባታ ዕቃ ነጋዴዎችን አብራችሁ አሰልፉ። መሬት ሲቆም ሥራ የሚፈቱት እነሱ ናቸው፤ ስንት ሠራተኛ እንዳሰናበቱ ራሳቸው ሲናገሩት ይደመጣል።

የደብዳቤው ይዘት ወሳኝ ነው። «መንገድ ይሠራልን» የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀራል። የሚያስኬደው እንዲህ ያለው ነው፦ ከዋናው አስፋልት እስከ ሳይቱ 600 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር፣ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር። 600 በ6 በ0.2 ሲባዛ 720 ሜትር ኪዩብ ነው። ገረጋንቲ ሲጠቀጠቅ ስለሚጠብቅ ከ25 እስከ 30 በመቶ ጨምራችሁ ስትጭኑ ወደ 920 ሜትር ኪዩብ ይሆናል፤ 16 ሜትር ኪዩብ በሚጭን ሲኖትራክ 58 ምልልስ ገደማ ነው። ግሬደር፣ ሮለርና የውሃ ቦቴ ለስንት ቀን እንደሚያስፈልግ መሐንዲሳችሁ ይጨምርበት። ከዚያ ማህበራቱ የገረጋንቲውን ማጓጓዣ እንሸፍናለን፣ ከተማው ማሽኑን ያቅርብ ብላችሁ ግልጽ ድርሻ አስቀምጡ። በዚህ መልክ የቀረበለት ኃላፊ እምቢ ለማለትም ሆነ እሺ ለማለት ቁጥር በእጁ አለ፤ ለበላዩ ሲያቀርብም አያፍርም። የጎርፍ ቦይ ማስገባቱን አትርሱ። ቦይ የሌለው የገረጋንቲ መንገድ በደጋው ክረምት ነሐሴን አይሻገርም።

ጊዜውም አለው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት እቅድ የሚሰበሰበው ግን ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ጥያቄያችሁ በየካቲትና በመጋቢት ጠረጴዛ ላይ ካልደረሰ ሐምሌ ላይ «በጀት አልተያዘም» መባላችሁ አይቀርም፤ ሰውየውም ውሸቱን አይደለም። ደብዳቤውን ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት ስታስገቡ ግልባጩን ለመሬት፣ ለከተማ ልማት፣ ለውሃ አገልግሎቱና ለከተማው ምክር ቤት አድርጉ። መብራቱ ግን በከተማው እጅ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የፌዴራል ተቋም ስለሆነ ለእርሱ የተለየ ማመልከቻ ይፈልጋል፤ የሳይት ፕላን፣ የቤቶቹን ብዛትና በየቤቱ የሚጠበቀውን ፍጆታ አያይዙ። ትራንስፎርመሩ የሚወሰነው በዚያ ነው፤ ዛሬ የገባችሁባቸውን ቤቶች ብቻ ቆጥራችሁ ብትጽፉ ነገ ጎረቤት ሳይት ሲገባ ምጣድ የማያሰማ መብራት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ሌላ የማይጠየቅ ጥያቄ አለ፦ የጋራ ፕላን። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። በእሱ አከፋፈል ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት በምድብ «ሀ» ይወድቃል፤ ፎቅ ሲጨመር ወደ «ለ» ይሄድና የሚጠየቀው ዲዛይንና ባለሙያ ይከብዳል። የአንድ ሳይት ማህበራት ሁለት ዓይነት ፕላን ብቻ መርጠው ቢያቀርቡ መርማሪው አንዱን ካየ ሌላው ያው ነው፤ ለአርክቴክቱና ለመሐንዲሱ የሚከፈለውም ይካፈላል። አባላት «ሳሎኔ ከጎረቤቴ ይለይልኝ» ማለታቸው አይቀርም። ልዩነቱን በበርና በመስኮት፣ በቀለምና በአጥር ያምጡት፤ ኮለኑ (የአርማታ ምሰሶው) እና መሠረቱ ግን አንድ ይሁን።

መሠረት ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ምክንያቱም ደብረ ብርሃን ላይ ቤት የሚሰነጠቀው ከታች ነው። ከበሬሳ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ያለው ሜዳ ብዙው ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ሸሽቶ (ደርቆ ተኮማትሮ) እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያበጃል። ቤቱን ማዕዘኑ ላይ ያነሳዋል፣ መሃሉ ላይ ይተወዋል። በታኅሣሥ ወይም በጥር ቦታውን ስታዩ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ካገኛችሁት ጥርጣሬ አይግባችሁ፣ ዋልካ ነው። ለአፈር ምርመራ ገንዘብ ካጠረ ቢያንስ በሳይቱ አራት ማዕዘንና መሃል ላይ አንድ በአንድ ሜትር ጉድጓድ እስከ 2 ወይም 3 ሜትር አስቆፍሩና መሐንዲሱ ገብቶ ይይ። በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ጎኑ ሳይደገፍ ሰው አታስገቡ።

ጥቁሩ አፈር ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ካልጠለቀ ሙሉ በሙሉ ጠርጎ ጠንካራው ላይ መቀመጥ ነው። ከዚያ ከጠለቀ ፉቲንጉን (የኮለኑን የመሠረት እግር) እና ግሬድ ቢሙን (ኮለኖቹን ከታች የሚያያይዘውን የአርማታ ማሰሪያ) መሐንዲስ ይንደፈው፤ በግምት የሚሠራ አይደለም። በሁለቱም መንገድ ወደ ጉድጓዱ የሚመለሰው ሙሌት ገረጋንቲ ይሁን፤ በ20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር፣ ውሃ እየተረጨ፣ በኮምፓክተር እየተጠቀጠቀ። የምታዩት ስህተት ይህ ነው፦ ተቋራጩ የወጣውን ጥቁር አፈር ለመጫን የሚወጣውን ወጪ ለማዳን መልሶ ቤቱ ውስጥ ይሞላዋል፣ ላዩ ላይ ሃርድኮር ይደረድራል፣ ሊሾው ያምራል። ሁለት ክረምት ሳይሞላ ወለሉ ያብጥና በሩ አልዘጋ ይላል። ሙሌት በሚሞላበት ቀን ከኮሚቴው አንድ ሰው ይቁም። የመሠረት ቁፋሮም በበጋ ተጀምሮ በበጋ ይዘጋ፤ ተከፍቶ ክረምት የገባበት ጉድጓድ ታቹ ጭቃ ስለሚሆን እንደገና መጠረግ አለበት። ቤቱ ካለቀ በኋላ ዙሪያውን ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ አድርጉለት፤ የጣሪያ ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ይራቅ። ባህር ዛፍ ደግሞ ለአጥር ብላችሁ አጠገቡ አትትከሉ። ሥሩ አፈሩን ከአንድ ወገን እያደረቀ መሠረቱን ያጋድለዋል፤ ከቤቱ የሚርቀው ቢያንስ አድጎ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ይሁን።

ስለ ኮለንና ስለ ስታፋ (የኮለኑን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ፌሮ) ሰዎች የሚዘነጉት የመሬት መንቀጥቀጡን ነው። በ1953 ካራቆሬና ማጀቴ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፤ በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው ንዝረት እኛም ዘንድ ተሰምቷል። የስታፋው ጫፍ በ90 ዲግሪ ታጥፎ ብቻ ከቀረ ንዝረት ሲመጣ ይከፈታል፤ ወደ ኮለኑ ውስጥ በ135 ዲግሪ ይታጠፍ። ከታችና ከላይ፣ ቢሙ በሚገናኝበት አካባቢ፣ ስታፋው ከመሃሉ ይልቅ ይጥበቅ፤ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ዲዛይኑ ላይ አለ። ፌራዮ (ፌሮ የሚያስረው ሠራተኛ) ጊዜ ለመቆጠብ እኩል ሲዘረጋው ዝም አትበሉ። በድንጋይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ግድግዳው ሁለት ፊት ሆኖ መሃሉ በፍርስራሽ እንዳይሞላ፣ በየሜትሩ ከፊት እስከ ጀርባ የሚዘልቅ አሳሪ ድንጋይ ይግባበት፤ አናቱም በአርማታ ቢም ይታሰር።

ዕቃ ግዢ ላይ ማህበር መሆን ጥቅሙ ይታያል፤ ጉዳቱም የሚበዛው እዚያው ነው። ፌሮ በቤርጋ (በዘንግ ቁጥር) ስትገዙ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 8 (ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ) ፌሮ 4.7 ኪሎ፣ ባለ 10 7.4፣ ባለ 12 10.7፣ ባለ 14 14.5፣ ባለ 16 19 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። ባለ 12 ተብሎ የተሸጠላችሁ 9.3 ኪሎ ከመዘነ ትክክለኛ ውፍረቱ 11.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሚሸከመው ጉልበት 13 በመቶው ጎድሏል ማለት ነው። ነጋዴው «ሁሉም እንዲህ ነው» ይላችኋል። ሁሉም እንዲህ አይደለም። በኪሎ እንዲሸጥላችሁ ተደራደሩ፤ ከዚያ በቀጭኑ ፌሮ የሚያተርፈው ነገር አይኖርም፣ እናንተም ትክክለኛውን መርጣችሁ ትወስዳላችሁ።

አሸዋ ስትረከቡ ባዶ ሃይላንድ ይበቃችኋል። ግማሹን አሸዋ፣ ቀሪውን ውሃ ሙሉ፤ አንድ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ በደንብ ነቅንቃችሁ ሦስት ሰዓት ያህል አስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይሰፍራል፣ ጭቃው ከላዩ ሌላ መልክ ይዞ ይተኛል። አሸዋው 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጭቃው ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በደረጃው የሚፈቀደው 6 በመቶ ነው። ከበለጠ ይታጠብ ወይም ይመለስ። እርጥብ አሸዋ ደግሞ ያብጣል፣ ከ20 እስከ 30 በመቶ ድረስ። ስለዚህ ዝናብ በመታው አሸዋ የሞላ ሲኖትራክ ሙሉ አይደለም፤ የመኪናውን ሳጥን ራሳችሁ በሜትር ለክታችሁ፣ የአሸዋውን እርጥበትም አይታችሁ ሒሳብ ቁረጡ።

ብሎኬት በካሬ 12 ተኩል ይገባል። ለአንድ መካከለኛ ቤት የግድግዳው ርዝመት ውስጡንም ውጩንም ደምራችሁ 50 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ቢሆን 150 ካሬ ነው። በርና መስኮቱ 25 ካሬ ሲቀነስ 125 ይቀራል፤ በ12 ተኩል ሲባዛ 1,560 ገደማ፣ ለስብራት 5 በመቶ ሲጨመር 1,640 ብሎኬት። ትናንት የተመታ ብሎኬት አትቀበሉ። ቢያንስ 7 ቀን ውሃ የጠጣና 28 ቀን የሞላው ይሁን፤ እርጥቡ ግድግዳ ላይ ሆኖ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ልስኑን ይዞ ይሰነጠቃል። አምራቹን ቀድማችሁ በትዕዛዝ ብትይዙት ዋጋውም ይቀንሳል፣ ብሎኬቱም ይበስላል። ሲሚንቶውን ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር አርቁ፤ ከ10 ከረጢት በላይ አትደርድሩ፣ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። ሦስት ወር ካለፈው ለልስን እንጂ ለኮለንና ለሶሌታ አታውሉት፤ የጠጠረውንስ ለምንም።

ለአርማታው አካፋ መለኪያ አይደለም። ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን አስደርጉ። ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 2 ሳጥን አሸዋና 3 ሳጥን ጠጠር፤ በሜትር ኪዩብ ወደ 7 ከረጢት ይሄዳል። ውሃው 25 ሊትር ገደማ ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ይቀነስ። ሠራተኛው ለመግፋት እንዲቀለው ውሃ ይጨምራል፤ ጠንካራውን ሲሚንቶ በርካሽ የሚያበላሸው ያ ጭማሪ ነው። ለሶሌታና ለኮለን ኦፒሲ (ፖዞላና ያልተቀላቀለበት የፖርትላንድ ሲሚንቶ) ከተገኘ እሱ ይሻላል። ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) በተለይ በብርድ ጉልበት የሚይዘው ቀስ ብሎ ነው።

ብርዱን የሚንቅ የአዲስ አበባ ተቋራጭ አጋጥሞን ያውቃል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ያደርጋል። በምሽት የፈሰሰ አርማታ ሳይጠነክር ውሃው ከረጋ ላዩ እንደ አመድ ይፈረፈራል። የአርማታ ሙሌት ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ፀሐይ ጠጠሩን ካሞቀች በኋላ ተጀምሮ 8 ሰዓት ላይ ይለቅ። ማታ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ በላዩ ጭድ ወይም ገለባ አልብሱት። ውሃ ማጠጣቱ ረፋድ ላይ ይሁን፤ አመሻሽ ላይ የተረጨ ውሃ ሌሊት ይረጋል። በተለመደው ጊዜ 7 ቀን የሚጠጣውን፣ ፒፒሲ ከሆነና ብርድ ከሆነ እስከ 14 ቀን አድርሱት። የሶሌታ ድጋፍ 21 ቀን ሳይሞላ አይነሣ፤ በውርጭ ወቅት 28 ቀን ጠብቁ። እንዳይቀዘቅዝ ብሎ ጨው የሚጨምር ግንበኛ አይታችሁ ከሆነ አስቁሙት፣ ጨው ፌሮውን ይበላዋል። ቀን ቀን ደግሞ የደብረ ብርሃን ነፋስ ላዩን ቶሎ ስለሚያደርቀው ገና ሳይጠነክር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያመጣል፤ ሽፋኑ ሙሌቱ ባለቀበት ሰዓት ይለብስ እንጂ ማታን አይጠብቅ።

ክፍያውን በደረጃ ቁረጡ፦ መሠረት፣ ግሬድ ቢም፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ። ቅድሚያ የሚሰጠው ብር ዋስትና ይኑረው። የእጅ ዋጋ ብቻ የያዘ ግንበኛም ቢሆን ውል ይፈርም፤ ፎርማኑ ከየደረጃው በፊት የሚጠራው መሐንዲስ ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይፃፍ። ከእያንዳንዱ ክፍያ ጥቂት በመቶ ያዙና አንድ ክረምት እስኪያልፍ አትልቀቁት። ዋልካ ላይ የተሠራ ቤት ጥፋቱ የሚታየው በመስከረም ነው።

ቤቱ አለቀ ብላችሁ ማህበሩን ለመበተን አትቸኩሉ። የየአባሉ ካርታ ተለይቶ እስኪወጣ፣ የውሃ ቆጣሪው በየስሙ እስኪገባ፣ መንገዱንም ከተማው በጽሑፍ እስኪረከበው ድረስ ሕጋዊ ሰውነቱ ያስፈልጋችኋል፤ በግል የሚሄድ ሰው እንደገና ከወረፋው ጫፍ ይጀምራል። ገብታችሁ በኖራችሁበት የመጀመሪያ ዓመት ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ቶሎ አትለስኑት። ስንጥቁን አቋርጦ የሚያልፍ ትንሽ ጄሶ ለጥፉበት፣ አጠገቡ ቀኑን በእርሳስ ጻፉ። ጄሶው ከነሐሴ እስከ ጥር ሳይሰነጠቅ ከቆየ ቤቱ ተቀምጧል፤ ለስናችሁ ቀለም ቀቡት። ከተሰነጠቀ ግን መሠረቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ ልስኑን ትታችሁ ውሃው ከየት እንደሚገባ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የአሸንዳው ጫፍ ወይም የጎረቤት መጸዳጃ ነው።